የተከራዩ ባዶ ሻንጣ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

«አንተ» የሚለው መጽሐፍ ዛሬ አለቀልን፤ ተመስገን። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «አንተ ተነሳህ፣ አንተ ጫማህን አሰርክ፣ አንተ ሚስትህን ዋሸህ» እያለ አንባቢውን የሚያዋክብ ልብ ወለድ ነው። የዛሬ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። ብቻዬን ባነበው ብልሃቱን አደንቅለት ነበር። ለአባባ ጮክ ብዬ ሳነብ ግን ገና አምስተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው? እኔ ሚስቴን ዋሽቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየገጹ ራሳቸውን ሲከላከሉ ሰነበቱ። እንተወው ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። እንደተቀየምነው ጨረስነው።

አባባ አማቼ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ግራ ዓይናቸውን የመስታወት ስባሪ ወሰደባቸው፤ ያኔ ነው መሪ የለቀቁት። አሁን ደግሞ የቀረችው ቀኟ ላይ ሞራ ወጣ። የዓይን ሐኪሟ ቁርጡን ነግራናለች። ሞራው እያበጠ ነው፤ ቶሎ ካልወጣ ግፊት ይፈጥርና ዓይኑን ጨርሶ ያጠፋዋል። በዚህች አንድ ዓይን ላይ ነው እንግዲህ የሁላችንም ልብ የተንጠለጠለው። አባባ ግን ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራሉ።

ዛሬ በስንት ልመና ቃል ሰጡን። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ብቻ፣ እሱ ሲያልቅ ይገባሉ። «መነኻሪያ ሳልደርስ ሞተር አጥፍቼ አላውቅም። ይሄኛውን አድርሺኝና እሄዳለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ ሳይውል ሳያድር ቀጠሮ አስያዘ፤ ለጥቅምት ሃያ ዘጠኝ። መጽሐፉን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ከመደርደሪያዬ ሦስት አወረድኩላቸውና በመዳፋቸው እየመዘኑ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ያዙ። ባለቤቴ ቀጭኑን እንዲወስዱ በሆዱ ሲጸልይ ታይቶኛል።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ሰማያዊው መጽሐፍ ይዞናል። አንዲት ሴት ባለ አራት ፎቅ ቤቷን ክፍል በክፍል ታከራያለች። ላይኛው ክፍል የገባው ተከራይ እቤት ተቀምጦ ሰነድ የሚተረጉም ዝምተኛ ሰው ነው። በየምሽቱ ሻንጣ ይዞ ይወጣል፤ ሻንጣ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያዳልጠውና ሻንጣው ወድቆ ይከፈታል። ባዶ ነው። አከራይዋ ታያለች፤ እሱም ማየቷን ያያል፤ ሁለቱም ምንም አይሉም።

እዚህ ጋ ስደርስ አባባ ከተደገፉበት ቀና አሉ። እንደገና አንብቢው አሉኝ፤ አነበብኩ። «ባዶ?» «ባዶ» አልኳቸው።

ጸሐፊው አጭር አጭር ነው የሚጽፈው። ምንም አያብራራም። አንድ ሰው ሻይ ሲቀዳ አሳይቶህ ትዳሩ መፍረሱን ይነግርሃል። ቀናሁበት። እዚህ ደብተር ላይስ አልዋሽም፤ በጣም ነው የቀናሁበት።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

የአባባን ክፍል አጸዳሁ። የሥራ ቦርሳቸው አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅላለች፤ ማንጠልጠያዋ ተልጦ፣ ዚፗ በሽቦ ታስሮ። ጡረታ በወጡ ሰሞን፣ እትዬ፣ የባለቤቴ እናት፣ ካረፉ በኋላ ማለት ነው፣ አመሻሽ ላይ አንግተዋት ይወጡ ነበር። የት ነበሩ ሲባሉ መልሳቸው «አየር ልቀበል» ነው። ዓይናቸው ሲደክም ቀረ። አቧራዋን አራግፌ መልሼ ሰቀልኳት። ባለቤቴ ለምን አንጥላትም ይላል። እሱ ፍሪጅ ሲጠግን የሚያወጣውን አሮጌ ብሎን ሁሉ በቆርቆሮ የሚሰበስብ ሰውዬ!

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከማንበባችን በፊት ወሬ ጀመሩ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም። ከሾፌሩ ጎን ያለችው ወንበር የወሬ ወንበር ናት አሉኝ። እዚያ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲረዝምበት ሆዱን ይከፍታል። የማያውቀው ሰው ነው፣ ያውም ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ሰው፤ ምን ያሳፍረዋል? እና ወሬው ጫፍ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ ዘሎ ይወርዳል።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች አሉ። የቬሎ ቀሚስ በነጭ ላስቲክ ጠቅልላ ታቅፋለች። የሰፋችው ለሙሽራ ነው፤ ሙሽራው ደግሞ የራሷ የድሮ እጮኛ ነው። ራሷ ልታደርስ እየሄደች ነው። ለምን ራሷ? ምን ልትላቸው? ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት ከተማው ደረሰና ወረደች።

«ታዲያ መጨረሻውን ሳያውቁ ቀሩ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? እስከሚቀጥለው ከተማ እኔው እጨርሰው ነበር።» ለዚያች ሴት ብቻ በተለያየ ዓመት ሦስት መጨረሻ ሠርተውላታል። በአንዱ ሙሽሪት ቀሚሱን ለብሳ ስታበቃ ልብስ ሰፊዋን አቅፋ ታለቅሳለች። እሱን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። ብርዱ ነው አሉ።

እኔ ታሪክ ስጽፍ እንዲህ ደስ ብሎኝ ያውቃል?

ጥቅምት 17፣ አርብ

መጥፎ ቀን። አለቃዬ ከጠረጴዛዬ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለተኛው መጽሐፍ እንዴት ሆነ አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ነው የምውለው፤ የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተመችልኝ ግን እሷ ናት፤ ከስምንት ዓመት በፊት። እየሄደ ነው አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ! የት ነው የሚሄደው? አንድ ገጽ የለኝም።

ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ከሽያጭ ክፍሉ ሰውዬ ጋር ስታወራ ሰማኋት። «ጎበዝ ነበረች እኮ። ፈራች መሰለኝ» አለች። በክፋት አልነበረም፤ እንደማዘን ብላ ነው። እሱ ነው የባሰብኝ።

ዘንድሮ ያነበብኳቸውን ልብ ወለዶች ሳስባቸው ሁሉም ጎበዝ ናቸው። ሁለቱ እህትማማቾች የእናታቸውን ቤት የሚካፈሉበት ነበር፤ ጸሐፊዋ ጠቡን በሙሉ በዕቃ ነው የምትናገረው፤ ማን ብረት ድስቱን ወሰደ፣ ማን መጋረጃውን አወረደ። አባባ ወደውት ነበር። ከወንድማቸው ጋር የተኮራረፉበትን የብስክሌት ፓምፕ አስታወሰቻቸው። እኔ ግን ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ድስትም መጋረጃም አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ «ጎበዝ ነበረች» የሚል ሰው ፊት ብቻ ነው። ለማን እንደምጽፍ ጠፍቶኛል።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ጉድ ሠራሁ።

ዛሬ የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። አባባ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ተከራዩ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። አከራይዋ በር ላይ ቆማለች። ከታች በኩል ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። «ኮቴው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ።» አራት ነጥብ። አለቀ!

እኔ ብቻዬን ብሆን መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ «እሰይ» እል ነበር። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ድፍረት አለው። ነገር ግን ቀና ስል አባባን አየኋቸው። አንገታቸውን ወደ ደረጃው፣ ወደ እኛው ደረጃ፣ አዙረው ኮቴ እየጠበቁ ነው። አንጀቴን በሉኝ። ይህ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ብሎ ዘሎ ሊወርድባቸው ነው? ያውም በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሊገቡ?

ገጹን ገለጥኩ። ባዶ ነበር። «አከራይዋ መብራቱን አበራች» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከዚያ ተከራዩ ለምን እንደቆመ መጣልኝ፤ ደረጃው ላይ የተቀመጠ የልብስ ባልዲ አግኝቶ ነው። ከዚያ የልብሱ ሽታ መጣልኝ። የሚገለጥ ገጽ እንዲሰሙ ወደ ኋላ መልሼ አሮጌውን እየገለጥኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ሲመሽ አባባ «ስንት ገጽ ቀረው?» አሉኝ።

«ጥቂት ነው» አልኳቸው።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ቀጠልኩ። ነገ እዘጋዋለሁ። ማሳመሪያ ያህል ብቻ ነው።

ጥቅምት 24፣ አርብ

አልዘጋሁትም።

ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ስለ አከራይዋ ሳስብ ዋልኩ፤ የሰው ጽሑፍ ሳርም ሁለት ስሕተት አሳለፍኩ። መጽሐፉ ውስጥ ይህቺ ሴት ቀዝቃዛ ናት። እኔ ጋ ስትመጣ ግን ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ የተከራዮቿን ሸሚዝ ሳይጠይቋት ታጥባለች፤ አንገትጌውን በጥፍር ብሩሽ ትፈትጋለች። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ተከራዩ ደግሞ የታጠበለትን ሸሚዝ ለብሶ ሲያበቃ ምን ብሎ እንደሚያመሰግናት ጠፍቶት አምፖል ይቀይርላታል። አባባ ሳቁ። «ወንድ ልጅ ሲጨንቀው አምፖል ይቀይራል» አሉ። ባለቤቴ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የእናቴን ቤት አምፖል በሙሉ ቀይሯል!

ደስ ብሎኛል። መጻፍ ነውር አይደለም፤ ደስ ብሎኛል። ለአባባ ብዬ ነው እንጂ መቼስ።

ባለቤቴ ራት ላይ ያ መጽሐፍ አያልቅም ወይ አለ። ሊያልቅ ነው አልኩት። ከመደርደሪያው አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገው። እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ፍሪጅ ከጀርባው ነው ያየው። መልሶ አስቀመጠው።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ነበር። አባባ መጽሐፉ አላለቀም፣ ቃሌ ቃል ነው አሉ። ባለቤቴ እሳት ጎረሰ። «አባቴ፣ ዓይን ነው እኮ፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም» አለ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ቀረው፣ ልጄ?»

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው «አልቋል» ማለት የነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ ነበረች። እኔ ግን አምፖሉ ከተቀየረ በኋላ አከራይዋ ሻይ አፍልታ ሁለት ብርጭቆ አውጥታ ነበር፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ገና አልቀዳችውም ነበር። «ጥቂት ነው» አልኩ።

ባለቤቴ ደውሎ ቀጠሮውን ወደ ኅዳር አሥራ ሁለት አዛወረው። ሐኪሟ አልተደሰተችም። እኔ ሳህን ሳጥብ ቆየሁ።

ሁለት ሳምንት ምን ያመጣል? ሐኪሟ እኮ «ቶሎ» ነው እንጂ «ዛሬ» አላለችም።

ጥቅምት 30፣ ሐሙስ

ቶሎ ገባሁ ዛሬ። የአባባ ጓደኛ፣ ታች ቤት ያለው ጫማ ሰፊ፣ መጥቶ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ጆሮ መጣል ነውር ነው፤ ጣልኩ። ጫማ ሰፊው ለምን አትገባም፣ ትታወራለህ እኮ እያለ ሲቆጣቸው ሰማሁ። አባባ ቀስ ብለው መለሱለት። «እኔ ስገባ እሷ ታቆማለች። እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ትንሽ ልቆይላት።»

ፈርተዋል ማለት ነው። ሰው ሲፈራ በሌላ ያመካኛል። ደግሞ በእኔ! ሆድ ባሰኝ። ገብቼ ሻይ አፈላሁላቸው።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ሻንጣው አስቸገረኝ።

ሁሉን ነገር አወጣጣሁ፤ ሻይ ጠጡ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ አብረው ባልዲ ደቀኑ። ሻንጣው ለምን ባዶ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሦስት ነገር ሞከርኩ፤ ሦስቱም ውሸት ውሸት ይሸታሉ። ልጁ ሞቶበት ነው ብል ለቅሶ ይሆናል። ሌባ ነው ብል ሻይዋ ትቀዘቅዛለች። የመጽሐፉ ጸሐፊም ሳያውቅ ይሆናል የተወው። ዝምታው ጥበብ ነው ብዬ ቀንቼበት ነበር፤ ምናልባት እሱም እንደ እኔ ጠፍቶት ነው።

ዛሬ አባባ ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። ወደ በሩ ዞር አሉ። ከዚያ «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ። ገና አልደረስንበትም አልኩ።

እስካልደረስንበት ድረስ ደግሞ መዝጋት አልችልም። ሻንጣውን ሳልፈታ ብዘጋው ከዚያ ጸሐፊ በምን እሻላለሁ?

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

አባባ ዛሬ ዓይናቸውን ሲያሹ ነበር። ቀልቷል። አቧራ ነው አሉ። ነገ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

ረሳሁ። ስብሰባ ነበረ።

ኅዳር 8፣ አርብ

ሆስፒታል። ወንበር ላይ ነኝ።

ጠዋት ራሴን ፈለጠኝ ብለው ጮኹ። አስመለሳቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል። ባለቤቴ ተሸክሟቸው ወረደ።

ሐኪሟ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል አለች። መድኃኒት በደም ሥር እየሰጧቸው ነው። ሲወርድላቸው ነገ ጠዋት ሞራውን ያወጣሉ። ዓይኑ ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም አለችን። «ለምን ቆያችሁ?» አለች። ባለቤቴ ወለሉን አየ። እኔም ወለሉን አየሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው እጄን ያዙ። ዓይናቸው ተሸፍኗል። ባለቤቴ ወረቀት ሊፈርም ወጥቶ ነበር።

«መጽሐፉን ይዘሽዋል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መሸከም አልቻልኩም። «አልቋል፣ አባባ። ካለቀ ቆየ። ኮቴው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ ካልኩበት በኋላ ምንም የለም። ያ ሁሉ የእኔ ወሬ ነው። በእኔ ወሬ ነው ዓይንዎ...» ልጨርሰው አልቻልኩም።

እጄን አልለቀቁም። ያበቃልኝ መስሎኝ እንባዬን ስጠርግ፣ በዚያች በደከመች ድምፃቸው፣ «ሻንጣውስ?» አሉኝ።

«ሻንጣውን አላውቅም።»

«እንግዲያው አላለቀም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ተቀይመው ይሆናል።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። «የአባቴን ዓይን!» አለ። ተነስቶ በኮሪደሩ ወዲያ ሄደ፤ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሻይ ይዞ ተመለሰ፤ አንዱን ሰጠኝ። ሩቅ ነው የተቀመጠው፤ ሦስት ወንበር አልፎ። ግን ሻይዬ እንደምወደው ስኳር አልነበረውም።

ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ሆኖ ተናገረ። መጽሐፉን ያን ቀን ሲያገላብጠው ምልክት ማድረጊያ ክሬ የመጨረሻው ገጽ ላይ እንደነበረች አይቷል። «አይቼ ዝም አልኩ። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ነበረ» አለ። ከዚያ አንዱን ወንበር አልፎ ቀረብ አለ።

ወጡ። ተኝተዋል። ሐኪሟ ሞራው ወጥቷል አለች፤ ነርቩ ምን ያህል እንደተጎዳ ግን ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታወቀው።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ፋሻው ተነሳ። ብርሃን አያለሁ አሉ። ሰው አያለሁ፣ ፊት ግን የለውም አሉ። ሐኪሟ ጣቷን ስታነሳ ሁለት አሉ፤ ሦስት ነበር።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

እቤት ናቸው። ጠብታ በየሰዓቱ አደርግላቸዋለሁ። መስኮቱን ያያሉ። የባለቤቴን ሸሚዝ ቀለም አወቁ። ፊደል ገና ነው።

አንብቢልኝ አላሉኝም። ሰማያዊው መጽሐፍ ወንበራቸው ሥር ወድቆ አገኘሁት። አንስቼ ራስጌያቸው አስቀመጥኩት እንጂ አልተነፈስኩም። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አፈርኩ። ጠብታውን ቆሜ ነው የማደርግላቸው።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

አለቃዬ ክፍል ገብቼ ሁለተኛ መጽሐፍ የለም አልኳት። የለም፣ አልነበረም፣ ዋሽቼሻለሁ። አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ታዲያ ባለፈው ወር ፊትሽ ላይ የነበረው ምንድን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። የምጽፍ መስሏት ነበር። ለአማቼ መጽሐፍ ሳነብ ነበር አልኳት። «እንዲህ የሚያደርግ መጽሐፍ ከሆነ ስጪኝ፣ እኔም ላንብበው» አለች። ምን ልበላት?

አከራይዋ አሁንም ወጥ ቤት ቆማለች። ሁለተኛው ብርጭቆ ተቀድቷል፤ ግን ሰው የለም። ላስባት አልፈልግም፤ በእሷ ምክንያት ነው። በእሷ አይደለም፤ በእኔ ነው። ልብሷን አጥባ እንድትተኛ ብነግራት አትሰማኝም።

ኅዳር 28፣ ሐሙስ

ምርመራ። የጎን እይታቸው ተቀንሷል፤ እሱ አይመለስም አለች ሐኪሟ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ግን ያያሉ፤ ለማንበቢያ መነጽር ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ባለቤቴ ኮሪደር ላይ አቀፈኝ። አለቀሰ ሰውዬው፤ አምፖል እንኳን አልፈለገም።

አባባ ግን በታክሲው ወደ ውጭ ሲያዩ ነው የመጡት። መነኻሪያውን ስናልፍ አንገታቸውን አዙረው ሙሉ በሙሉ ተከተሉት። «አጥሩን ቀይ ቀብተውታል» አሉ።

ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ

ይሄን በደንብ ልጽፈው።

መነጽሩ ዛሬ መጣ። ከሥራ ስገባ አባባ ከውስጥ ጠሩኝ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ፣ ሰማያዊው መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ። የእኔን ወንበር ፊት ለፊት አድርገውታል። «ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

የመጨረሻውን ገጽ ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። ቀስ ብለው፤ ቃሉን በጣታቸው እየተከተሉ፤ አንዳንዱን ሁለቴ። የሚያነቡት አንድ በአንድ ነው፤ ግን ያነባሉ። ያቺ ዓይን ታነባለች። «ኮቴው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ» አሉ። ጣታቸው አራት ነጥቡ ላይ ቆመች። መጽሐፉን የሚዘጉት መሰለኝ።

ገጹን ገለጡ። ባዶውን ገጽ ቀጥ አድርገው ያዙትና ቀጠሉ።

«አከራይዋ መብራቱን አበራች።» የእኔ ነው! ባልዲውን አልረሱም፣ የሸሚዙን አንገትጌ አልረሱም፣ የጥፍር ብሩሹን አልረሱም። አምፖሉ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ገጽ ሲጨርሱ እንደ እኔው ወደ ኋላ መልሰው አሮጌውን ይገልጣሉ፤ ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አያነሱም። አንድ ቦታ አከራይዋ ሻዩን ሳትቀዳ እንድትቆይ አደረጉ። እንደዚያ አልነበረም አልኩ። በመነጽሩ ላይ አዩኝና፣ ፍርጥም ብለው፣ «መጽሐፉ እንደዚህ ነው የሚለው» አሉኝ።

ከዚያ እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ደረሱ። አከራይዋ ሁለቱን ብርጭቆ አቅርባ ሻንጣውን ጠየቀችው። ተከራዩ ብዙ ካመነታ በኋላ መለሰላት። እንዳሉት ልጻፈው፦

«በየምሽቱ መነኻሪያ እሄዳለሁ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው፣ ሻንጣ ከሌለው ዘበኛው ምን ትሠራለህ ይለዋል። ሻንጣ ከያዘ ማንም አይጠይቀውም፤ ተሳፋሪ ነው። እዚያ ተቀምጬ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ቤቴ ውስጥ የሚያወራ የለም።»

ዓይኔ ከበሩ ጀርባ ሄደ። ቦርሳዋ ተሰቅላለች፤ ማንጠልጠያዋ የተላጠ፣ ዚፗ በሽቦ የታሰረ። አንድም ቀን ከፍተን አይተናት አናውቅም።

ጎንበስ ብዬ የአባባን ጉልበት ያዝኩ። ማንበባቸውን አላቋረጡም፤ በአንድ እጃቸው ራሴን እየደባበሱ፣ በሌላው ገጽ እየገለጡ፣ አከራይዋ ምን እንዳለችው ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፈቱ።

«ቆይ፣ ቆይ አባባ!» አልኳቸው። ተነስቼ ይህን ደብተር ከወጥ ቤት አመጣሁ፤ ሌላ ወረቀት መፈለጊያ ጊዜ አልነበረኝም። እስክሪብቶዬን ነክሼ ክዳኑን አወለቅኩ። በጠዋት ለአለቃዬ ምን እንደምላት አውቃለሁ። የሚነበብልኝን በደንብ ለመስማት ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ስንት ገጽ ቀረው?» አልኳቸው።

መጽሐፉን በመዳፋቸው ከፍ አድርገው መዘኑት።

«ጥቂት ነው» አሉኝ።